ለመገጣጠሚያና ለጅማት ጉዳት ‹አዳሽ› መርፌ ከመወጋትዎ በፊትና በኋላ

ሐረር ውስጥ ለፊዚዮቴራፒ ወደ እኔ ከሚመጡ ታካሚዎች ብዙዎቹ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ «ከራስ ደም ተጣርቶ የሚወጋው መርፌ ይሻለኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። ጠያቂዎቹ አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም፤ የልብስ ሰፊዎች መንገድ በሆነው በመኪና ግርግር ቀኑን ሙሉ መቀስ ይዞ ሲቆርጥ የሚውልና ክርኑን የሚያመው ልብስ ሰፊ አለ፤ ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ኳስ ሲጫወት ከጉልበቱ ሎሚ በታች ማመም የጀመረው ወጣት አለ፤ በግንብ የታጠረውን የአሮጌውን ከተማ የጁገልን ቁልቁለት መውረድ ያቃታቸው እናት አሉ። ለሦስቱ የምሰጠው መልስ ይለያያል፤ ምክንያቱም መርፌው የሚጠቅመው የተጎዳው ክፍል የትኛው እንደሆነ፣ በሲሪንጁ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነና ከተወጉ በኋላ ባሉት ሳምንታት ምን መደረግ እንዳለበት ሲታወቅ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የሚቀረው የወጣው ገንዘብና የመርፌው ጠባሳ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የታመመውን ክፍል በስሙ ይወቁት

በንግግራችን «ጅማቴን አመመኝ» ስንል ቃሉ ብዙ ነገር ይሸከማል። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም ጅማት እንለዋለን፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውንም ጅማት እንለዋለን፣ አንዳንዴም ነርቩንና የደም ሥሩን እዚያው ላይ እንጨምራለን። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ግን ልዩነቱ ወሳኝ ነው። ከተረከዝ በላይ ያለው ወፍራም ጅማት ባትን ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዝ ሲሆን ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመጠን ያለፈ ሥራ ቀስ በቀስ የሚያመጣው መዳከም ነው። በቁርጭምጭሚት ዙሪያ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወለምታ የሚጎዳ ነው። በጉልበት ውስጥ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት ሲሳሳ የሚመጣው ሕመም ከሁለቱም የተለየ ነው። ለአንዱ የተሞከረ መርፌ ለሌላው ይሠራል ማለት አይደለም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «መርፌው ስንት ነው?» ሳይሆን «የተጎዳው የትኛው ክፍል ነው፣ በምንስ አወቁት?» የሚል ይሁን።

ጅማትን ለማየት አልትራሳውንድ በጣም ጠቃሚ ሲሆን፣ በራጅ የሚታየው በአብዛኛው አጥንቱና በአጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት ነው። ኤምአርአይ የውስጡን ሁሉ ያሳያል፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ሐኪሙ ምክንያት ሳይኖረው ሊያዝዝልዎ አይገባም። በምስል ላይ የታየ ሁሉ የሕመሙ መንስኤ እንዳልሆነም ይወቁ፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ምንም ሳያማቸው በትከሻቸው ጅማት ላይ ቀዳዳ ሊታይ ይችላል።

ከዚህ በፊት ግን ሌላ ማጣሪያ አለ፤ እዚህ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች በተለይ ያስፈልጋል። የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ የጉዳት ሕመም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ድሬዳዋን ያስጨነቀው፣ በትንኝ የሚተላለፈው የችኩንጉንያ ወረርሽኝ ትኩሳቱ ካለፈ በኋላም ለወራት የሚቆይ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊያስከትል የሚችል በሽታ ነው፤ የእጅ ጣቶቹ፣ የእጅ አንጓዎቹና ቁርጭምጭሚቶቹ በአንድ ጊዜ ያመሙት ሰው መገጣጠሚያው ላይ መርፌ ከመወጋቱ በፊት የደም ምርመራና የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል። ሳይፈላ የሚጠጣ የግመል ወይም የፍየል ወተት የሚያመጣው ብሩሴሎሲስም ወገብንና ትልልቅ መገጣጠሚያዎችን ያማል፤ ሪህ የእግር አውራ ጣትን በድንገት ያቀላል፤ የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋስ ዳሌና ጉልበት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከመገጣጠሚያ ሕመምዎ ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ፣ ወይም ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ መገተር ካለ፣ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁመው መጀመሪያ ወደ ሐኪም ይሂዱ። በተሐዋስ የተመረዘ መገጣጠሚያ ላይ መርፌ መጨመር እሳት ላይ ጋዝ እንደ መጨመር ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩት መርፌዎች ምንና ምን ናቸው?

‹አዳሽ› የሚለው ስም ሲነገር ደስ ይላል፤ ነገር ግን በዚህ ስም የሚጠሩት ነገሮች እርስ በርስ አይመሳሰሉም።

በጣም የሚታወቀው ፒአርፒ፣ ማለትም ፕሌትሌት የበዛበት ፕላዝማ ነው። ከክንድዎ ከ15 እስከ 60 ሚሊ ሊትር የሚደርስ ደም ይቀዳል፤ እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ባለበት ቱቦ ውስጥ ሆኖ ሴንትሪፉጅ በሚባለው ማሽን ለደቂቃዎች በፍጥነት ይሽከረከራል። ቀይ የደም ሕዋሳት ከባድ ስለሆኑ ከታች ይቀራሉ፤ ቢጫው ፕላዝማ ከላይ ይወጣል፤ በዚያ ፕላዝማ ውስጥ ፕሌትሌቶች ተከማችተው ይገኛሉ። ፕሌትሌት ቁስል ሲደርስ ደሙን የሚያረጋው ጥቃቅን የደም አካል ሲሆን በውስጡ ሕዋሳት እንዲራቡና አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ምልክት የሚሰጡ ፕሮቲኖች አሉት። የጤነኛ ሰው ደም በአንድ ማይክሮ ሊትር ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 የሚሆን ፕሌትሌት ሲኖረው በተዘጋጀው ፕላዝማ ውስጥ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ እንዲደርስ ይፈለጋል። ከተቀዳው ደም በመጨረሻ የሚወጋው ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ሐሳቡ ደም እምብዛም የማይደርሰው ጅማት ላይ የጥገና መልእክተኞችን አምጥቶ ማራገፍ ነው፤ ሐሳቡ ከውጤቱ ይልቅ የጠራ መሆኑን ግን ወደፊት እናያለን።

ሁለተኛው ፕሮሎቴራፒ ነው። እዚህ የሚወጋው የተጠናከረ የስኳር ውኃ፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 25 በመቶ የሆነ ዴክስትሮዝ (ግሉኮስ) ነው፤ ከማደንዘዣ ጋር ይቀላቀላል። ሆን ተብሎ ቀላል ብግነት (የአካል መቆጣት) ተፈጥሮ አካል ራሱ ጥገናውን እንዲጀምር ይጠበቃል። ስሙን ያወጣው ጆርጅ ሃኬት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ሲሆን ዘዴውን ያስፋፋውም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። በአንድ ጊዜ አያበቃም፤ በየጥቂት ሳምንታት ልዩነት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይደገማል። ግሉኮስ ርካሽ ነው ብለው ግን ማንም ሰው እንዲወጋዎ አይፍቀዱ፤ ዋጋው ያለው ብልቃጡ ውስጥ ሳይሆን መርፌውን በሚያስገባው ሰው የአካል ዕውቀት ውስጥ ነው።

ስቴሮይድ ወይም በተለምዶ ኮርቲዞን የሚባለው መርፌ አዳሽ አይደለም፤ ግን በአዳሽ ስም ሲሸጥ አጋጥሞኛል፤ ለዚህም ነው እዚህ የምጽፈው። ብግነትን ያበርዳል፣ ሕመምን በቀናት ውስጥ ያቀልላል፣ በትክክለኛው ቦታና በትክክለኛው ሰው ላይ ጠቃሚ መድኃኒት ነው። ጅማት ላይ ሲሆን ግን ጣጣ አለው። ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባለው ደግሞ በጉልበት ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘውን ማለስለሻ ፈሳሽ ለመተካት የሚሰጥ ነው።

የመጨረሻው ስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው፤ ስለ እርሱ አጭር ነገር ብቻ እላለሁ። ከእትብት ደም የተዘጋጀ ነው ተብሎ በአሜሪካ ክሊኒኮች የተወጋ ፈሳሽ እ.ኤ.አ. በ2018 በሦስት ግዛቶች 12 ሰዎችን በባክቴሪያ መርዞ ሆስፒታል አስገብቷል። ቁጥጥሩ ጠንካራ በሆነበት አገር ይህ ከሆነ፣ በማስታወቂያ ብቻ የሰሙትን የስቴም ሴል መርፌ ለማግኘት ወደ ውጭ አገር ለመጓዝ የሚያስቡ ሰዎች የቤታቸውን ዕቃ ከመሸጣቸው በፊት ቆም ብለው ቢያስቡ እወዳለሁ።

ጥናቶቹ የሚሉት

በዚህ ክፍል ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ሻጩ የማይነግርዎ ይህ ነው።

በአውስትራሊያ ጉልበታቸው ቀላል ወይም መካከለኛ የልም አጥንት መሳሳት ያለባቸው 288 ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት አለ። ግማሾቹ ፒአርፒ፣ ግማሾቹ መድኃኒትነት የሌለው የጨው ውኃ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በድምሩ ሦስት ጊዜ ተወጉ፤ የትኛውን እንደተወጉ አላወቁም። ከዓመት በኋላ በሕመሙም ሆነ በልም አጥንቱ መጠን በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በዚያው ዓመት በብሪታንያ የተረከዝ ጅማት ሕመም ያለባቸው 240 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናትም አንድ የፒአርፒ መርፌ ለማነጻጸሪያ ከተሰጠው፣ መድኃኒት ከሌለበት ሐሰተኛ መርፌ የተሻለ እንዳልሆነ ከስድስት ወር በኋላ አሳይቷል። በሌላ በኩል በክርን ውጫዊ ጎን ላይ ለሚያመው ጅማት ከስቴሮይድ ጋር የተነጻጸሩ ጥናቶች ፒአርፒ በረጅም ጊዜ የተሻለ ውጤት እንደሰጠ ያመለክታሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ 90 ሰዎችን የያዘ ጥናትም ዴክስትሮዝ ለጉልበት ሕመም ከጨው ውኃና ከቤት ውስጥ እንቅስቃሴ ትእዛዝ የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል፤ ነገር ግን ጥናቱ ትንሽ ነው።

እነዚህን ሳነጻጽር የደረስኩበት አስተያየት ይህ ነው፤ መርፌው ለአንዳንድ ሰው፣ በአንዳንድ ጅማት ላይ፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ካልሠራ በኋላ ሊታሰብ የሚችል አማራጭ ነው እንጂ የመጀመሪያ መፍትሔ አይደለም። የጨው ውኃ የተወጉት ሰዎችም ብዙዎቹ እንደተሻላቸው ልብ ይበሉ፤ «ጎረቤቴ ተወግቶ ዳነ» የሚለው ምስክርነት ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

ስለ ስቴሮይድ ደግሞ የራሴን ልንገርዎ። በወጣትነቴ ድሬዳዋ ውስጥ ኳስ እጫወት ነበር፤ ክርኔን አመመኝና ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ ገብቼ ተወጋሁ። በሳምንቱ ሕመሙ ጠፋ፤ ባለሙያውን እየመረቅሁ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በሦስተኛው ወር ግን ከበፊቱ ብሶ መጣ፤ ሌላ ሐኪም «ምን ነበር የተወጋኸው?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም፤ ወረቀት አልተሰጠኝም ነበርና። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ከታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ የእኔ ታሪክ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ፤ 165 የክርን ሕመምተኞች ተመርምረው፣ ስቴሮይድ ከተወጉት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው 54 በመቶ ሲሆኑ ሐሰተኛውን መርፌ ከተወጉት 12 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጉልበት ላይም በየ12 ሳምንቱ ለሁለት ዓመት ስቴሮይድ የተወጉ ሰዎች ልም አጥንታቸው የጨው ውኃ ከተወጉት ይልቅ እንደሳሳ፣ ሕመማቸውም ከእነዚያ የበለጠ እንዳልቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የ140 ሰዎች ጥናት አሳይቷል።

ከመርፌው በፊት የሚሞከረው

ጅማት በእረፍት ብቻ አይድንም፤ በተመጠነ ጭነት እየጠነከረ ይድናል። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ለተረከዝ ጅማት ያሳተመው ዘዴ እስካሁን ይሠራበታል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። በደረጃ ጫፍ ላይ በእግር ጣቶች መቆም፣ በሁለት እግር ከፍ ብሎ በታመመው እግር ብቻ ቀስ አድርጎ ተረከዝን ከደረጃው በታች ማውረድ፤ አንድ ጊዜ ጉልበትን ቀጥ አድርጎ፣ አንድ ጊዜ ጉልበትን ትንሽ አጥፎ፣ እያንዳንዱን 15 ጊዜ በሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንታት። በቀን 180 ጊዜ ይሆናል። ደረጃ የትም ስለማይጠፋ መሣሪያ የለኝም የሚል ሰበብ አይሠራም፤ ግድግዳ ብቻ ይደገፉ። በመጠኑ ማመሙ የሚጠበቅ ነው፤ በማግሥቱ ጠዋት የባሰ መራመድ ካቃተዎ ግን ቁጥሩን ይቀንሱ።

ለክርን፣ ለትከሻና ለጉልበት የተለያዩ እንቅስቃሴዎች አሉ፤ እነዚህን ግን በጽሑፍ ከመከተል ይልቅ አንድ ጊዜ በባለሙያ ፊት ቢማሯቸው ይሻላል። ሦስት ወር በትጋት ሠርተው ለውጥ ካላዩ የመርፌውን ጉዳይ ማንሳት ተገቢ ይሆናል። ከሳምንት ሕመም በኋላ መርፌ የሚያቀርብ ሰው ካጋጠመዎ ተቻኩሏል ማለት ነው።

ወጌሻን በተመለከተ ብዙ ጊዜ ጥያቄ ይነሳል። ወጌሻዎች በአካባቢያችን የከበረ ቦታ አላቸው፤ የወለቀ ትከሻ ሲመልሱም አይቻለሁ። ነገር ግን የተበጠሰ ጅማትን በማሸት መቀጠል አይቻልም፤ በጥብቅ የታሰረ እግርም ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ከመርፌ በኋላ ደግሞ የተወጋውን ቦታ ለሳምንታት ማንም እንዳያሸው አጥብቀው ይንገሯቸው፤ ብዙዎቹ ምክንያቱ ሲነገራቸው ይረዳሉ።

ቦታውንና ባለሙያውን መምረጥ

ስለ አጥንትና መገጣጠሚያ ጉዳት ለመመርመር ሐረር ላይ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ ሆስፒታል የታወቁ መነሻዎች ናቸው። መርፌው የሚሰጥበት ቦታ የትም ይሁን፣ ከመስማማትዎ በፊት ፊት ለፊት የሚጠይቋቸው ነገሮች አሉ። የሚወጉኝ ሰው ማን ነው፣ ሥልጠናውስ ምንድን ነው? መርፌው የሚገባው በአልትራሳውንድ እየታየ ነው ወይስ በእጅ ዳሰሳ? ፒአርፒ ከሆነ ነጭ የደም ሕዋስ ያለበት ነው ወይስ የተወገደበት? (ለመገጣጠሚያ ውስጥ የተወገደበት፣ ለጅማት አንዳንዴ ያለበት ይመረጣል፤ ባለሙያው ይህን ጥያቄ ካልተረዳ እኔ ብሆን እነሣለሁ።) ስንት ጊዜ ይደገማል፣ ጠቅላላ ወጪውስ ስንት ነው? ካልሠራስ ቀጣዩ እርምጃ ምንድን ነው?

«መቶ በመቶ ይፈውሳል» ከሚል፣ ምርመራ ሳያደርግ በስልክ ዋጋ ከሚቆርጥ፣ ወይም አንድ ዓይነት መርፌ ለወገብም ለጉልበትም ለትከሻም ከሚሰጥ ሰው ይራቁ።

ዝግጅት

ፒአርፒ የሚዘጋጀው ከእርስዎ ደም ስለሆነ የደምዎ ሁኔታ ጥራቱን ይወስናል። የተሟላ የደም ቆጠራ ያሠሩ፤ የፕሌትሌት ቁጥር ከ100,000 በታች ከሆነ ወይም የደም ማነስ ካለ ብዙ ሐኪሞች መርፌውን ያቆዩታል። ይህ ለድሬዳዋ ነዋሪ ባዶ ማስጠንቀቂያ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከተማዋን ደጋግሞ የጎበኘው፣ በትንኝ የሚተላለፈው ደንጌ ትኩሳት ፕሌትሌትን በብርቱ ይቀንሳል፤ ወባም እንዲሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በከተማዋ ውስጥ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ይህን ሥጋት ወደ መኖሪያ ሰፈር አምጥቶታል። በቅርብ ሳምንታት ትኩሳት ታመው ከነበረ ለሐኪሙ ይናገሩ፤ ቆጠራው እስኪስተካከልም ይጠብቁ።

አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና የመሳሰሉት የሕመም ማስታገሻዎች ፕሌትሌት ሥራውን እንዳይሠራ ስለሚከለክሉ ቢያንስ ሳምንት አስቀድመው ያቁሟቸው፤ በመሃሉ ፓራሲታሞል ይበቃል። ለልብ ወይም ለስትሮክ የታዘዘ አስፕሪን ወይም ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ግን በራስዎ ፈቃድ አንድ ቀንም አያቁሙ፤ መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ብቻ ይወስን። የስኳር በሽታ ካለ የደም ስኳሩ መጀመሪያ ይስተካከል። እርጉዝ ከሆኑ፣ ካንሰር ካለ፣ በሚወጋው ቦታ ላይ ቁስል ወይም የቆዳ ብግነት ካለ፣ ወይም በዚያው ቦታ ባለፉት ስድስት ሳምንታት ስቴሮይድ ከተወጉ ቀጠሮው ይቆይ።

ቀኑን ሲመርጡ የራስዎን የኑሮ መርሐ ግብር ያስቡ። በረመዳን በጾም ሰዓት ውኃ ሳይጠጡ ደም ማስቀዳት አስቸጋሪ ስለሆነና ከመርፌው በኋላም ማስታገሻ ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ የሚቻል ከሆነ ከዒድ በኋላ ቢያደርጉት ይመረጣል። በጠዋቱ ውኃ ይጠጡ፣ ቁርስ ይብሉ። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ረሃብንና እንቅልፍንም ስለሚያጠፋ፣ በዋዜማውና በዕለቱ ይተዉት።

በዕለቱ

ሁሉንም ነገር እያዩ ይቆዩ፤ ማፈር አያስፈልግም። ቱቦው ላይ ስምዎ ከመቀዳቱ በፊት ወይም ወዲያው ይጻፍ፤ በዚያው ሰዓት ሌላ ሰውም እየተቀዳ ከሆነ ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ። የሌላ ሰው ደም በስህተት ቢወጋ ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ሊተላለፍ ይችላል። መርፌውና ሲሪንጁ በፊትዎ ከታሸገበት ይከፈቱ፤ ቆዳው በጀርም ማጥፊያ በደንብ ይጠረግና ይድረቅ። የተዘጋጀው ፕላዝማ እዚያው በተዘጋጀበት ቦታ ወዲያውኑ ይወጋ፤ ከአንድ ላብራቶሪ ወደ ሌላ ክሊኒክ በድሬዳዋ ሙቀት በባጃጅ ተጭኖ የመጣ ቱቦ ካዩ እምቢ ይበሉ። ሐኪሙ በፒአርፒ ጊዜ ማደንዘዣውን ከፕላዝማው ጋር እንዳይቀላቅለው፣ ይልቁንም ቆዳ ላይ ብቻ እንዲሰጥ ብዙዎች ይመክራሉ፤ ማደንዘዣው ሕዋሳቱን ሊጎዳ ይችላልና።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ወይም ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚመለሱ ከሆነ በደንገጎ መታጠፊያ ላይ በሚኒባስ የኋላ ወንበር ጉልበትን አጣጥፎ መቀመጥ አያዋጣም፤ የፊቱን ወንበር አስቀድመው ይያዙ፣ ራስዎም አያሽከርክሩ።

ከመርፌው በኋላ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ከበፊቱ ይልቅ ሊያምዎ ይችላል፤ ሳምንት ድረስ ቢቆይም የሚያስደነግጥ አይደለም፤ የታሰበው ብግነት መጀመሩ ነው። ለዚህ ሲሉ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይውሰዱ፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ሐኪሙ ካዘዘ ከዚያም በላይ ይታቀቡ። አካባቢው ደንጌ ያለበት ስለሆነ በዚህ ጊዜ ውስጥ ትኩሳት ቢጀምርዎ እነዚህንና አስፕሪንን በዘፈቀደ መውሰድ ለሌላም ምክንያት አደገኛ ነው።

የተወጋው ጉልበት ከሆነ ለጥቂት ቀናት በጥልቀት አይታጠፍ። ይህ ለብዙዎቻችን ከሚመስለው በላይ ከባድ ትእዛዝ ነው። ሶላት ወንበር ላይ ተቀምጠው ይስገዱ፤ በቤተ ክርስቲያን ስግደት ላይ ያሉም ቆመው ይጸልዩ፤ መጸዳጃ ቤቱ የሚቀመጡበት ካልሆነ የሚደገፉት ነገር ያዘጋጁ። በሐረሪ ቤት ነደባ (ከፍ ብሎ የተሠራ መቀመጫ) ላይ ወይም በፍራሽ ላይ እግርን አጣጥፎ ለሰዓታት በርጫ (ጫት ለመቃም) መቀመጥ ለተወጋ ጉልበት ጠላት ነው፤ ወንበር ይጠይቁ፣ አስተናጋጆቹ አይቀየሙም።

ሙሉ በሙሉ መተኛትም ጥሩ አይደለም። ከሁለት ቀን እረፍት በኋላ ቀስ ብለው ይራመዱ፤ እስከ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ ያለ ክብደት መገጣጠሚያውን ያንቀሳቅሱ፤ ከዚያ ከፊዚዮቴራፒስት ጋር የጭነት እንቅስቃሴውን ይጀምሩ። ሩጫና ኳስ በአብዛኛው ከስድስት እስከ 12 ሳምንት ይቆያሉ። ከባድ ሸክም በጀርባ የሚሸከሙ ሰዎች ከዚህ በፊት ወደ ሥራ እንዳይመለሱ ቤተሰብ አስቀድሞ መመካከር አለበት፤ መርፌው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሕመሙ ሲቀንስ «ድኛለሁ» በሚል ችኮላ ነው።

አንድ ነገር ግን አይጠበቅም። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው እየጨመረ ከሄደ፣ ቦታው ከቀላ፣ ከሞቀና ካበጠ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ መገጣጠሚያው በተሐዋስ ተመርዞ ሊሆን ይችላል። ይህ በቀናት ውስጥ ልም አጥንትን የሚበላ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ ጠዋት እስኪሆን አይጠብቁ፣ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝተው በቤትዎ አይሞክሩት፤ ፈሳሹ መጀመሪያ ተቀድቶ መመርመር አለበትና።

ውጤቱን በሳምንት አይመዝኑት። ከስድስት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከሦስት ወር በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከስድስት ወር በኋላ አንድ ጊዜ ይለኩት፤ ልኩም «ይሻለኛል» የሚል ስሜት ሳይሆን አስቀድመው የመረጡት አንድ ተግባር ይሁን፤ ከሸዋ በር እስከ ፈረስ መጋላ ሳያርፉ መሄድ፣ ሙሉ የጀበና ቡና በታመመው እጅ መቅዳት፣ ወይም በመቀስ ስንት ሜትር ጨርቅ መቁረጥ። በሦስት ወር ምንም ለውጥ ካልታየ ሁለተኛ መርፌ ከመክፈልዎ በፊት ምርመራው እንደገና ይታይ፤ የተሳሳተ ቦታ ላይ የተወጋ መርፌ ሁለት ጊዜ ቢወጋም አይሠራም።

ከመውጣትዎ በፊት ደግሞ ወረቀት ይጠይቁ። በወረቀቱ ላይ የተወጉበት ቀን፣ የተወጋው ክፍል ስም ከቀኝ ወይም ከግራ ጋር፣ የፈሳሹ ዓይነትና በሚሊ ሊትር ስንት እንደሆነ፣ ዴክስትሮዝ ከሆነ በመቶ ስንት፣ ስቴሮይድ ከሆነ የመድኃኒቱ ስምና ሚሊ ግራሙ፣ የወጋው ባለሙያ ስምና ፊርማ ይኑር። ፎቶ አንስተው በስልክዎ ላይም ያስቀምጡት፤ ዋናውን ወረቀት ከራጅና ከአልትራሳውንድ ውጤቶችዎ ጋር በአንድ ፖስታ ይያዙ፤ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ፖስታውን ሳይጠየቁ አስቀድመው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት።